እናቴ ዘፈን አታውቅም ያልኩ ጊዜ

ብዙ መናገር አልወድም። መጻፍም አልለመድኩም። ነገር ግን ባለፈው ፍልሰታ በሁለት ቀን ውስጥ የሆነብኝን ለራሴ ብቻ ይዤ ብቀመጥ ውለታ ቢስ እንዳልሆን ፈራሁ። ስለዚህ እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ካራ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። እናቴ ወይዘሮ ዘነቡ ከእኛ ጋር ናት። ዕድሜዋ ሰባ አራት ነው፤ እሷ ግን «ሰባ» ትላለች። አራቱን ለማን እንደሰጠች አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀጥሎ እርምጃዋ አጠረ። ከዚያ የባሰው መጣ። እየሄደች ሳለ እግሯ ድንገት መሬት ላይ ይጣበቃል። ሰውነቷ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ እግሯ ግን እዚያው ይቀራል። በተለይ በር ላይ። ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ስትወጣ ደፉ ላይ ሩብ ሰዓት ቆማ የምትቀርበት ጊዜ ነበር።

«ምን ሆንሽ እማዬ?» ስላት፣

«እኔ ምንም አልሆንኩም፤ እግሬ ነው እምቢ ያለው» ትለኛለች፣ ስለ አንድ አስቸጋሪ ዘመድ እንደምታወራ።

ሐኪሞቹ ፓርኪንሰን ነው አሉ። መድኃኒት ሰጡ። እጇን በመጠኑ አረጋጋላት። እግሯን ግን እምብዛም አልረዳውም።

ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ያለ ክሊኒክ ውስጥ እናቴን የምታሠራት ፊዚዮቴራፒስት ነበረች። ጎልማሳና ትዕግሥተኛ ሴት ናት። ሐምሌ መጨረሻ ላይ እንዲህ አለችኝ።

«እግራቸው ሲያዝ አይጎትቷቸው፤ ይወድቃሉ። ምት ያለው ነገር ያስፈልጋቸዋል። ዘፈን ይሞክሩላቸው። በወጣትነታቸው የሚያውቁት ዘፈን ካለ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።»

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየችን።

«እናቴ ዘፈን አታውቅም» አልኩ።

እናቴ መልሳ አቀረቀረች።

«ጾም እየገባ ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ ዘፈን የለም» ብዬ ጨመርኩ። እውነቴን ነው፣ ቤቴ ውስጥ ዘፈን አይከፈትም። ግን ሙሉው እውነት ይህ አልነበረም። እናቴ ለሠላሳ ዓመት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር እያወረደች የምትሸጥ ሴት ነበረች። ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም በዚያ ነው። ጎረቤቶቼና የማኅበር እህቶቼ ይህን አያውቁም። «እናቴ ነጋዴ ነበረች» እላቸው ነበር። እናቴ ትሰማለች፣ ዝም ትላለች። የምታውቀው ዘፈን ካለ የሸክም ዘፈን እንደሆነ ልቤ ያውቃል። ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ጾሙን ምክንያት አደረግሁት እንጂ የፈራሁት ያንን ነው።

ፍልሰታ ሲገባ እናቴ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እሷ ደግሞ ጠይቃ አታውቅም።

«እንጦጦ ላይ፣ እመቤታችን ቤት መቁረብ እፈልጋለሁ» አለች።

«ለምን እዚያ? ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አለ እኮ። መኪና በሩ ድረስ ይገባል።»

«ሠላሳ ዓመት በአጥሯ ሥር ከነሸክሜ አልፌያለሁ። ሸክም ካወረድሽው ብቻሽን አታነሺውም። ስለዚህ አጥሩን በግንባሬ ተሳልሜ እሄዳለሁ። ቅዳሴው ከውስጥ ይሰማኛል። አንድ ቀን ገብቼ እቆርባለሁ እል ነበር።» «እግሬ ጨርሶ ሳይቆም» ብላ ጨመረች።

የንስሐ አባቷ ፈቀዱላት። እኔም እሺ አልኩ።

በጠዋት መኪና ጠርተን ተነሣን። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ነጠላዋን አጣፍታለች። ከምሽት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። ፈረንሳይን አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ ጉሙ ተቀበለን። ባሕር ዛፉ እስከ ወገቡ ድረስ ይታያል፤ ከዚያ በላይ ሰማይ ይሁን ቅጠል አይለይም። ከየዛፉ ውኃ ይንጠባጠባል። ሹፌሩ አንድ መታጠፊያ ላይ መኪናውን አቆመ።

«እናቴ፣ ከዚህ በላይ ጭቃ ነው፣ አይወጣልኝም። በእግር ቅርብ ነው» አለ።

ለጤነኛ ሰው ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ሰዓቱ አራት ተኩል ነበር። ቅዳሴው በስድስት ሰዓት ይገባል፤ የሚቆርብ ሰው ደግሞ ሳይገባ መድረስ አለበት። ጊዜ አለን አልኩ።

ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄድን። ከዚያ እግሯ ተያዘ።

ያዝኳት። ጠበቅን። «አይዞሽ» አልኳት። እሷም ለእግሯ «አይዞህ» አለችው። እግዚአብሔርን ለመንኩ። ሰዎች ነጭ ለብሰው ከጉሙ ይወጣሉ፣ በአጠገባችን ያልፋሉ፣ ተመልሰው ጉም ውስጥ ይገባሉ። እግር እንዳላቸው አይታይም፤ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ከሁሉም መካከል የቆምነው እኛ ብቻ ነን። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል በሃምሳ እርምጃችን ላይ ሌላ ሃያ ጨምረን ነበር።

ያኔ ከበስተኋላችን፣ ሰው ሳይታይ፣ ድምፅ መጣ።

«ይህን ጀርባ አውቀዋለሁ! ዘነቡ! አንቺ ቆመሽ ነው ወይስ ተተክለሽ?»

እናቴ መዞር አልቻለችም። ፊቷ ግን በራ። «አስካለ!» አለች። «አልሞትሽም እንዴ?»

«አንቺን ሳልቀብር?»

ከጉሙ ውስጥ አንዲት ቀጭን አሮጊት ወጡ። ገመዳቸውን በትከሻቸው ላይ ጠቅልለው ይዘዋል። እትዬ አስካለ የእናቴ የሸክም ባልንጀራ ናቸው፤ ዛሬም ቅጠል ለመልቀም ይወጣሉ። ሁለቱ ተሳሳሙ፤ ተሳስመው የሚበቃቸው አልመሰለኝም። ከዚያ እትዬ አስካለ እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ።

«ይቺ ናት ያቺ አልቃሻዋ? ያቺ ‘እዘይኝ’ እያለች ከሸክምሽ በላይ ያደከመችን?»

«እሷው ናት» አለች እናቴ።

የእግሯን ነገር ነገርኳቸው። እትዬ አስካለ እንደ መካኒክ ጎንበስ ብለው እግሯን አዩት። ከዚያ ቀና አሉ። «ይኼ እግር አልታመመም፣ ረስቶ ነው» አሉና በእጃቸው ጭናቸውን እየመቱ አወጡት። እኛ ልጆች ሆነን የምንሰማው ዘፈን ነው። አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቹ በየእርምጃው «እርገጪ!» እያሉ ይቀበላሉ። ጭቃ ላይ እግር እንዳይስት ነው።

«ቀስ በይ እግሬ ቀስ በይ፣»

«እርገጪ!» አለች እናቴ። ድምፅዋ የእሷ አልመሰለኝም። የወጣት ሴት ድምፅ ነበር።

«መንገዱ ያዳልጣል፣»

«እርገጪ!»

«የተሸከምሽውን፣»

«እርገጪ!»

«እቤት ልጅ ይጠብቃል።»

እናቴ ሄደች። ልብ በሉ፣ አልጎተትናትም። እግሯ ከጭቃው ተነሣ፣ አረፈ፣ ተነሣ። እርምጃዋ ረዘመ። እጄን ለቀቀች። እኔ ከኋላ ቀረሁ፤ ሁለት አሮጊቶች ጎን ለጎን እየዘፈኑ ጉም ውስጥ ሲገቡ አየኋቸው። ለአፍታ ሕልም ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ስድስት ዓመት ሆኖኝ ከኋላ የምሮጥ፣ ባለ ሸክሞቹ የማይጠብቁኝ መሰለኝ።

ከዚያ ከኋላ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። የማውቀው ድምፅ ነው። የማኅበራችን ወይዘሮ ሶስና ነበረች፣ ከሁለት ሴቶች ጋር።  ሮጬ እትዬ አስካለን ክንዳቸውን ያዝኩ።

«እትዬ፣ እባክዎ ይበቃል። ጾም ነው። እናቴ ልትቆርብ ነው የምትሄደው። በዘፈን ትሂድ?»

«ታዲያ በምን ትሂድ? በክንፍ?»

«እባክዎ።»

ዝም አሉ። እናቴም ዝም አለች። እግሯ ያን ጊዜውኑ ተያዘ፤ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ እንዳለ።

ሶስና ደረሰችብን። «እንዴት ናችሁ? እናት አሟቸው ነው?» አለች።

«ደክሟት ነው» አልኩ።

«በርቱ፤ ደወሉ ሊደወል ነው» ብላ አለፈች።

እስክትርቅ ጠበቅሁ። ከዚያ መዝሙር ጀመርኩ፤ እናቴ የምትወደውን የእመቤታችንን መዝሙር። እሷም ተቀበለችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። እግሯ ግን አልተንቀሳቀሰም። መዝሙሩ ጥፋት የለበትም። ረጋ ያለ ነው፤ ቆመው የሚዘምሩት እንጂ የሚሄዱበት አይደለም። እኔ ግን ግትር ነኝ። ሦስቴ ደገምኩት። እትዬ አስካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

ሦስተኛውን ሳልጨርስ ደወሉ ተደወለ።

ጉም ውስጥ ደወል ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ከሁሉም ዛፍ የሚመጣ ይመስላል። እናቴ አማተበች።

«ገባ» አለች።

ከዚያ በኋላ እትዬ አስካለ ዝቅ አድርገው ሲያወጡት አልከለከልኳቸውም። አጥሩ ጋ ስንደርስ ቅዳሴው ከገባ ቆይቷል። እናቴ ወደ በሩ አልሄደችም። ግንባሯን አጥሩ ላይ አሳረፈች። «እንደ ድሮው» አለች። ወቀሳ አልነበረበትም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ድሮ ሸክም ነበረባት። ያን ቀን ጀርባዋ ላይ ምንም አልነበረም። ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

ስንወርድ እትዬ አስካለ አጅበውን እስከ መኪናው መጡ።

«ነገ የገበያ ቀን ነው፣ እኔ የለሁም» አሉኝ። «እሷ ታውጣው። ተቀባይ ግን ያስፈልጋታል፤ ብቻዋን ትንፋሽ አይበቃትም። ታውቂዋለሽ።»

«ረስቼዋለሁ» አልኩ።

«ውሸታም!» አሉኝ። ሳቁና ሳሙኝ።

ማታ ከእራት በፊት ለንስሐ አባታችን ደወልኩላቸው።

«አባ፣ እናቴ ካልዘፈነች አትራመድም» አልኳቸው።

«ምን እያለች?» አሉ።

በስልክ፣ ወጥ ቤት በሩን ዘግቼ፣ ነገርኳቸው። ያ ግጥም ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ሲስቁ ሰማሁ።

«ለእግሯ ነው እንዴ የምትዘፍነው?»

«አዎ አባ።»

«እግሯ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ቤተ ክርስቲያን።»

«ታዲያ ምን ልትጠይቂኝ ነው የደወልሽው?»

 «ግቢው ጋ ስትደርስ ግን ድምፅዋን ትቀንስ» አሉኝና ባረኩኝ።

በማግስቱ ያው ጉም ነበር። ያው መታጠፊያ ላይ ወረድን። እናቴ ቆማ አየችኝ።

«ካልተቀበልሽኝ አላወጣም» አለች።

«እቀበልሻለሁ።»

«ቀስ በይ እግሬ ቀስ በይ፣» አለች።

«እርገጪ» አልኩ፣ በሹክሹክታ።

«ለማን ነው የምታንሾካሹኪው? ድምፅ አውጪ! እግሬ ከጆሮዬ ሩቅ ነው።»

ጮህኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ። እግሯ ተነሣ። ሁለተኛው ሲነሣ ድምፄ ተስተካከለ። የረሳሁት የመሰለኝ ዘፈን በሙሉ ጉሮሮዬ ውስጥ ነበር። እናቴ አጠገቧ ላለው ዛፍ ደግሞ ሌላ አወጣች።

«አንቺ ባሕር ዛፍ ሆይ፣ ረጅሟ እመቤት፣
አንቺ እዚሁ ቁሚ፣ እኔ ልግባ ቤት።»

እንዲህ እያልን ትናንት የቆምንበትን ቦታ አለፍነው። እናቴ ዞራ እንኳ አላየችውም።

አጥሩ ሊታይ ሲል ከኋላችን ኮቴ ሰማሁ። ሶስና ነበረች፤ ዛሬ ብቻዋን ናት። ሱባኤዋን እዚያው እየተመላለሰች ነበር የምትፈጽመው። ሰማችን። አንድ ጊዜ ብቻ ለመቆም አሰብኩ። የእናቴ እግር አየር ላይ ነበር፤ የሚያርፍበትን ቃል እየጠበቀ።

«እርገጪ!» አልኩ።

ሶስና አጠገባችን ደረሰች። «ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የእናቴ የሸክም ዘፈን ነው። እንጨት ተሸካሚ ነበረች። በዚህ ነው ያሳደገችኝ።»

በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ሰማይ አልወደቀም። ሶስና ጥቂት እርምጃ አብራን ሄደች።

«የእኔ እናት ወፍጮ ላይ ነበር የምታወጣው» አለች ቀስ ብላ። በሚቀጥለው «እርገጪ» ላይ ድምፅዋ ከድምፄ ጋር ነበር።

በሩ ጋ ስንደርስ ገና ሩብ ሰዓት ይቀራል። ከበሩ ሦስት እርምጃ ያህል ሲቀራት እናቴ ቆመች። ደነገጥኩ። በር ላይ መያዟን አውቃለሁና «እርገጪ! እማዬ፣ እርገጪ!» አልኳት።

«ቆይ እንጂ!» አለችኝ፣ ተቆጥታ። «ልሳለም ነው። በፈቃዴ ነው የቆምኩት።»

ተሳለመች። ከዚያ ደፉን በቀኝ እግሯ ረግጣ ገባች። ግቢው ውስጥ ድምፅ አላወጣችም፤ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ጸሎት ይሁን ዘፈኑ አልጠየቅኋትም። እግሯ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አልቆመም።

እናቴ ቆረበች። ስትመለስ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ፣ በእግሯ ነበር። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ተመስገን።

እናቴ አልዳነችም። እጇ ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች፤ ፊዚዮቴራፒስቷም ዘፈን መድኃኒትን አይተካም ብላኛለች። አንዳንድ ቀን ዘፈኑም አይሆንላትም፣ ያን ቀን እንቀመጣለን። ነገር ግን ድምፅዋ ጠነከረ። እህል ስትውጥ ትን ይላት ነበር፣ እሱም ቀነሰ፤ ከዘፈኑ ይሁን ከሌላ አላውቅም፣ የሆነውን ነው የምነግራችሁ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ፊቷ ነው። ድሮ ስትሄድ ወለሉን ነበር የምታየው። አሁን ተቀባይዋን ታያለች። ስለ ኮንዶሚኒየማችን ደረጃም ግጥም አውጥታለች። እዚህ አልጽፈውም፣ አንደኛ ፎቅ ያሉ ጎረቤቶቼ ይቀየማሉ።

ለፊዚዮቴራፒስቷም ሄጄ ነገርኳት። «እናቴ ዘፈን ታውቃለች» አልኳት። ሳቀች። ሌሎች አረጋውያን ታካሚዎቿንም በየራሳቸው የሥራ ዘፈን ለማሠራት እየሞከረች ነው። አንድ ገበሬ የነበሩ አባት በአጨዳ ዘፈን እጃቸውን ሲያነሡ ደርሼ አይቻለሁ። መጀመሪያ ያፍራሉ፤ ከዚያ ዓይናቸው ራቅ ያለ ቦታ ይሄዳል፣ እጃቸው ግን እዚህ ይሠራል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ እግሩ የተያዘ ወይም ዝም ያለ ሽማግሌ ካለ ልለምናችሁ። ሬዲዮ ከፍታችሁለት አትሂዱ። ስትሠሪ ምን ትይ ነበር፣ ስትሠራ ምን ትል ነበር ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ እናንተ የምታፍሩበት ሥራ ዘፈን ሊሆን ይችላል። ከሆነ ደግሞ ጎረቤት እየሰማ፣ ድምፅ አውጥታችሁ ተቀበሉ። እኔ ለዚያ አርባ ስምንት ዓመትና አንድ ያመለጠ ቅዳሴ ፈጅቶብኛል፤ እናንተ በአንድ ጥያቄ ታገኙታላችሁ።